ጋሽ ሚሊ አልለቀቀም

ይድረስ ለእናትም ለእህትም ለሆንሽኝ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃውን አሁንም እየረገምሽው ነው የምትወጪው ወይስ ታረቃችሁ? ባለቤትሽ ጋሼስ ደህና ነው? ዓይኑን ታየ ወይስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «መነጽሬን ማን አነሣው?» እያለ ቤቱን ያምሳል? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? ትንሹስ አፉን ፈታ ወይስ ገና በጣቱ እየጠቆመ ነው የሚያዝዛችሁ? የአክስቴ ሳልስ ተሻላት? ስለ እያንዳንዳችሁ ሳስብ እውላለሁ። እኔ ከእጄና ከሕሊናዬ በቀር ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልሽም ስለ ሁለቱ ነው።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ወረቀት ሲደርስሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። አትደንግጪ፣ የሞተ የለም። በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ መሰለሽ የተውኩት! አንቺ ደግሞ አታስጨርሺኝም። ገና ስለ እጄ ሳነሣ «እኔን! እኔን ይቁረጠኝ!» ብለሽ ታለቅሻለሽ፣ እኔም አብሬሽ አለቅስና ዋናው ነገር በእንባ ታጥቦ ይቀራል። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ከመሰለሽ ታገሺኝ፤ ብዕሩን የሚይዙት ሁለቱ ጣቶቼ ጤነኞች ናቸው፣ ከሥር የሚደግፋቸው ነው ያስቸገረኝ።

በሚያዝያ እጄን መስታወት የቆረጠኝ ጊዜ፣ አብሮኝ ተሸክሞ የነበረው ሰው ስለ ለቀቀብኝ ነው ብዬሽ ነበር። ውሸት ነው እታለም። ሰውየው አልለቀቀም። የለቀቅኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ጋሽ ሚሊን አንቺ የምታውቂው በክፉ ብቻ ነው፤ በክፉ ያሳወቅኩሽም እኔ ነኝ። ሰውየው በመስታወትና ፍሬም ሱቃችን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሠራ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ቀጭን ሰው ነው። ሚሊ የሚባለው ስሙ ሆኖ አይደለም። ሲለካ «አንድ ሚሊ ስሕተት፣ አንድ ሜትር ጸጸት» ስለሚል ነው እንደዚያ ያሉት። ሻይ ሲቀዳለት እንኳ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ አይቶ «ሁለት ሚሊ ጎድሏል» ይላል፤ የምትቀዳውም ሴትዮ ሳትሞላለት አትሄድም። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። መቁረጫውን እጄ ላይ አስይዞ፣ እጁን በእጄ ላይ ደርቦ፣ «ዓይንህን ተወውና ድምፁን ስማ። ካፏጨ ልክ ነህ። ካለቀሰ ተጭነኸዋል» ይለኝ ነበር። ስንቱን መስታወት አስለቅሼበታለሁ! አንድ ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። የተሰበረውን ጠርጎ «እንደገና» ይላል፣ አለቀ። መኖሪያውም እዚያው ነበር፤ ከሱቁ ጀርባ ባለሱቁ የሰጠው አንድ ክፍል አለችው።

ያን ቀን ሐሙስ ጠዋት፣ ለአንድ ፀጉር ቤት የታዘዘ፣ ከቁመቴ የሚበልጥ መስታወት ከመቁረጫው ጠረጴዛ እስከ መኪናው ማድረስ ነበረብን። ቢበዛ አሥር እርምጃ ነው። እሱ ከኋላ ያዘ፣ እኔ ከፊት ሆኜ ወደኋላ እሄዳለሁ። ጓንቴ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቆዳው ደርቆ ጣቴን ስለሚያስቸግረኝ ካደረግኩት ሰንብቼ ነበር። ጋሽ ሚሊ መስታወቱን ከማንሣታችን በፊት አየኝና «ጓንትህን አጥልቅ» አለኝ። እኔ ምን ብለው ጥሩ ነው? «አንተ ፍራ ጋሽ ሚሊ፤ የኔ ጣት ገና አላረጀም» አልኩት። ሳቀ። ይሄ ሳቁ ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝ።

የበሩ ደፍ ላይ ስደርስ ተረከዜን አደናቀፈኝ። እጄ ላብ ነበረው። ግራ እጄ ከመስታወቱ ሲያመልጥ ክብደቱ ሁሉ ቀኜ ላይ ወደቀ፤ መስታወቱም መሐል ለመሐል ተሰነጠቀና የኔው ግማሽ ጣቶቼ መሐል አልፎ መሬት ላይ ተንኮታኮተ። ብታምኚኝም ባታምኚኝም አላመመኝም። ወረቀት የቆረጠኝ ነው የመሰለኝ። ሳየው ግን መሐል ጣቴና የቀለበት ጣቴ ሥራቸው ላይ ተከፍተዋል፤ ልጨብጥ ስሞክር ሌሎቹ ሲታጠፉ ሁለቱ እንደ እንጨት ቀጥ ብለው ቀሩ። ደሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሽ ሚሊ የራሱን ግማሽ እስከ መጨረሻው ይዞት ነበር። ሰው እየደማ እንኳ እጁ ላይ ያለውን አልጣለም፤ ግድግዳ አስደግፎ በእርጋታ አስቀመጠውና ወደኔ ሮጠ። ሸሚዙን አውልቆ ቁስሉ ላይ ጠቀጠቀው፣ ክንዴን ከራሴ በላይ አንሥቶ በሁለት እጁ ጨመቀው። ባለሱቁ ከውስጥ ሮጦ የወጣው ይሄኔ ነው። «ምን ሆነ? ማነው?» አለ። እኔ ደግሞ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ላይ አረፈ። በቀይ ቀለም «ያለ ጓንት መስታወት የያዘ በዚያው ቀን ይሰናበታል» ይላል። ጽሑፉን አነበብኩና አፌን ከፈትኩ። «ለቀቀብኝ» አልኩ።

ጋሽ ሚሊ ዞሮ አየኝ። «እኔ?» አለ። ከዚያ ለባለሱቁ «አልለቀቅኩም» አለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ባለሱቁ ግን የሚታየው ደሜ ስለሆነ ጮኸበት፣ ሰደበውም። እሱ እየተሰደበ፣ የዋሸሁበትን እጄን ጨምቆ እንደያዘ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ አላላላውም። በታክሲው ውስጥም ሆስፒታል እስክንደርስ ድረስ በካናቴራ ብቻ ሆኖ ክንዴን ወደ ላይ እንዳነሣ ሄደ። ነርሷ ጃኬቴን ስታወልቅልኝ ጓንቶቹ ከኪሴ ወደቁ። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ አንድ ጠብታ ደም ያልነካቸው። ጎንበስ ብሎ አነሣቸው፣ አያቸው፣ ከልብሴ ጋር ፌስታሉ ውስጥ ጨመራቸው። ያንን ጓንት ለባለሱቁ ቢያሳየው ኖሮ አንድ ቃል መናገር አያስፈልገውም ነበር።

ዶክተሯ አጭር፣ ፈጣን፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። እያንዳንዷን ጣት ለብቻ ይዛ «ጫፏን እጠፋት» ትለኝና ትጠብቃለች። ሁለቱ ጋ ስትደርስ ብሞት እሺ አላሉኝም። «ጅማታቸው ተቆርጧል» አለችኝ። ጅማት ሲቆረጥ እንደ ተጎተተ ላስቲክ ወደ መዳፍ ሸሽቶ ስለሚገባ፣ ፈልጋ አውጥታ ጫፍና ጫፉን መስፋት ነበረባት። በማግስቱ ጠዋት ቀዶ ጥገና ገባሁ። ያደነዘዙኝ ክንዴን ብቻ ነው። እኔ ነቅቼ፣ እጄ ከመጋረጃ ወዲያ ነው፤ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ አጠገቤ ተጋድሟል። መሐል ላይ ዶክተሯ «ይህን ቁስል ማነው የያዘልህ?» ብላ ጠየቀችኝ። አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነው አልኳት። «ሰው ደም ሲያይ ደንግጦ በገመድ በሽቦ ጠፍሮ እጅ ያበላሻል። ይኸኛው ሰው ግን ዐዋቂ ነው፤ አመስግነው» አለችኝ። እታለም፣ ክንዴ ደንዝዞ ነበር እንጂ ሌላው ሰውነቴ አልደነዘዘም።

ከሰዓት በኋላ ባለሱቁ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ረጋ ብሎ፣ «እስቲ በእውነት ንገረኝ፤ ሚሊ ለቋል? አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ አንድ ብርጭቆ ጥሎብኝ አያውቅም» አለኝ። በሩን ከፍቶልኝ ነበር። የመጀመሪያውን ውሸት ሕመምና ድንጋጤ ነው የተናገረው እንበል። ሁለተኛውን ግን ትራስ ተደግፌ፣ ብርቱካን እየበላሁ ነው የዋሸሁት። «አዎ፣ ለቋል» አልኩት። እሱም ራሱን ነቅንቆ «እንግዲያስ ይሂድ። ክፍሏንም በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ያስረክበኛል» ብሎ ተነሣ።

ያን ዕለት ነው ለአንቺ የደወልኩት። አንቺም ያንኑ ሰምተሽ ሰውየውን ረገምሽው። «ወንድሜን ያጎደለ እጁ ይጉደል» አልሽ። አሜን አላልኩም፣ ተዪ ግን አላልኩሽም። ጋሼም ስልኩን ተቀብሎ «ይኸው፣ ሰው አይታመንም ስልህ» አለኝ። ያ የኔ ውሸት በእናንተ ቤት ምክር ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው አምስት ሳምንት የትዕግሥት ጊዜ ነበር። ከክንዴ እስከ ጣቴ ጫፍ በጀርባው በኩል የፕላስቲክ መደገፊያ አሰሩልኝ። እጄ አንጓው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ የሚለምን ሰው ይመስላል። በሳምንት ሁለት ቀን እጅ የሚያለማምድ ባለሙያ ጋ እሄዳለሁ። ወፍራም መነጽር ያለው፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ጠዋት ስነሣ ጣቶቼን «እንደምን አደራችሁ» እንድል አዝዞኛል፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ምሩን ነው። በግራ እጄ አንድ በአንድ ቀስ ብዬ አጥፋቸዋለሁ፣ ከዚያ እስከ መደገፊያው ድረስ ራሳቸው እንዲቃኑ እተዋቸዋለሁ። አሥር ጊዜ፣ በየሰዓቱ። «የተሰፋ ጅማት ክፉ ዘመድ ነው» ይለኛል፤ «ካልጎበኘኸው ይጣበቃል፣ ካበዛህበት ይበጠሳል። ሕመሙ ሲጠፋ ዳንኩ እንዳትል፤ ሰው እጁን የሚያጣው ያኔ ነው። አሥራ ሁለት ሳምንት እስኪሞላ በዚህ እጅ ከፎጣ የከበደ እንዳታነሣ።» በአራተኛው ሳምንት ሁለቱ ጣቶች በራሳቸው ትንሽ መታጠፍ ጀመሩ። ባለሙያው አጨበጨበልኝ። እኔ ግን ጣቶቼ በታጠፉ ቁጥር ጋሽ ሚሊ ፊቴ ይደቀናል። ዕቃውን ጠቅልሎ ሊወጣ የቀረው አንድ ሳምንት ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ሄድኩ። እውነቱን ልነግረው፣ ከዚያ ይዤው ባለሱቁ ጋ ልገባ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። ስደርስ ቁም ሣጥኑን ከክፍሉ በር ላይ አውጥቶ፣ ለብቻው እየገፋ አገኘሁት። የልጁ ባል መኪና ይዞ ሊመጣ ነው፤ ወደ ልጁ ቤት ሊገባ ነው። ቀና ብሎ አየኝና «መጣህ?» አለ። መጣሁ አልኩ። «እጅህስ?» እየዳነ ነው አልኩት። ከዚያ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። አፌ ላይ የመጣልኝ «ላግዝህ» የሚል ብቻ ነበር። ከመጣሁበት ቃል ይልቅ ቁም ሣጥን ቀለለኝ።

«በዚያ እጅ?» አለኝ። «ድኗል፣ ዶክተሯ ፈቅዳልኛለች» አልኩት። ለአንቺ የነገርኩሽን ጨምሮ አራተኛው ውሸት መሆኑ ነው። ማሰሪያውን ፈትቼ መደገፊያውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። እያመነታ በወዲያ በኩል ያዘ፣ እኔ በወዲህ ያዝኩ፣ አነሣን። ሦስት እርምጃ ሄድን። ቁም ሣጥኑ ወደኔ ዘመም ሲል አጥብቄ ያዝኩት፤ ያኔ እጄ ውስጥ «ጧ» አለ። ጨርቅ ሥር ክር ሲበጠስ እንደሚሰማው ነው። የቀለበት ጣቴ ቀጥ አለች። ለቀቅኩ። ቁም ሣጥኑ በጎኑ ወድቆ መዝጊያው ተገነጠለ። ጋሽ ሚሊ ዘሎ ባያመልጥ እግሩን ይሰብረው ነበር።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያኔ ነው አፌ የተፈታው፤ አምስት ሳምንት ያመቅኩት በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ያን ቀን የለቀቅኩት እኔ ነኝ፣ ጓንት አላጠለቅኩም፣ ጽሑፉን አይቼ ፈርቼ ነው፣ ሆስፒታልም ደግሜ ዋሽቻለሁ አልኩት። እያለቀስኩ ነበር። እሱ የወደቀው ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ። «ይህንን ለኔ ነው እንዴ የምትነግረው?» አለኝ። «እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ።»

ለምን ታዲያ ጓንቱን አላሳየህም አልኩት። «ነገ ራሱ ይናገራል ብዬ ነዋ» አለኝ። «ደም የፈሰሰው ሰው የተናገረውን ማን ይቆጥርበታል? ነገ ይናገራል አልኩ። ከዚያም ነገ አልኩ። በኋላ ቀኑን መቁጠር ተውኩ።» ተነሥቶ መደገፊያውን ከመስኮቱ አመጣ፣ ልክ ባለሙያው እንደሚያስረው አድርጎ አሰረልኝ። አማቹ ሲመጣ መኪናው ላይ ከፍራሽና ከድስት መሐል አስቀምጠው ሆስፒታል አደረሱኝ። ጋሽ ሚሊ መንገዱን ሁሉ ያየው መስኮት መስኮቱን ነው።

ዶክተሯ ስታየኝ ገባት። «ምን አነሣህ?» አለችኝ። ቁም ሣጥን አልኳት። «ለምን?» አለች። መሐል ጣቴ ተርፋ ነበር። የቀለበት ጣቴን እንደገና ከፈተችው፤ ጫፎቹ እንደ አሮጌ ገመድ ተፈታትተው አገኘቻቸው፤ እንደምንም አገናኝታ ሰፋችው። «ሁለተኛ ስፌት እንደ መጀመሪያው አይሆንም፣ ተስፋ አልሰጥህም» አለችኝ፤ እንዳለችውም ሆነ። አሥራ ሁለቱንም ሳምንት ቆጥሬ፣ ፎጣ እንኳ ሳላነሣ፣ የታዘዝኩትን ሁሉ ሳደርግ ከረምኩ። ባለሙያው የልብስ መቆንጠጫ አስይዞኝ፣ ሩዝ ውስጥ ጠጠር አስፈልጎኝ፣ ያላደረገው ነገር የለም። ጅማቱ ከቆዳው ሥር ተጣበቀ። ጣቷ ከሥሯ ትታጠፋለች፣ ከዚያ ወዲያ ግን እንቢ ብላለች። ፊቴን ስታጠብ ዓይኔን ትወጋኛለች። ሰው ሳነጋግር የሆነ ነገር የምጠቁም ይመስላቸውና ዞረው ያያሉ።

ባለሱቁ ጋ የሄድኩት ከሁለተኛው ቀዶ ጥገና በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ነው፣ እጄ ገና በፋሻ ተጠቅልሎ። ቆሜ ነገርኩት። ስጨርስ «አሁን ነው የምትነግረኝ?» አለ። ወዲያው አሰናበተኝ፤ ጽሑፉ እንደሚለው ነው፣ ቅር አላለኝም። በሌላ ሰው ላይ የሚሠራ ደንብ በራሴ ሲደርስ ምን እላለሁ? እዚያው ፊቴ ለጋሽ ሚሊ ደወለለት፣ ይቅርታ ጠየቀው፣ ክፍሏም ሥራውም እንዳለ ነው፣ ተመለስ አለው። ስልኩ ጮክ ስለሚል መልሱን ሰማሁት። «ስለጠራኸኝ አመሰግናለሁ» አለ። «ግን ጌታዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት አብሬህ ሠርቼ፣ ያን ቀን ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ግማሽ መስታወት እንኳ ዞር ብለህ አላየኸውም። እዚያ ቤት ገብቼ ከእንግዲህ ምን እለካለሁ?» ባለሱቁ ስልኩን አስቀምጦ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛውን ሲጠርግ ቆየ። የሚጠረግ ነገር አልነበረውም።

እኔ አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ከወረቀት የከበደ አላነሣም። ሥራው አይከፋም፤ የመስታወቱ ድምፅ ግን ይናፍቀኛል። መንገድ ላይ የመስታወት ሱቅ ካየሁ ቆሜ ሲቆርጡ እሰማለሁ፤ ያፏጫል ወይስ ያለቅሳል እያልኩ። እጄ ካልሆነልኝ ያንን ሥራ ዳግመኛ አልሠራውም። እጄን ያሳጣኝ ደግሞ መስታወቱ አይደለም። ያን ቀን «ጓንት አላደረግኩም» ብል ኖሮ ሥራዬን አጥቼ እጄን አድን ነበር። አሁን ሁለቱንም አጣሁ፤ እሱንም ጨምሬ አሳጣሁት።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ እታለም። ይህንን ደብዳቤ ሳሎን ቁጭ ብለሽ፣ ሁሉም ባሉበት ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። እኔን ለማዳን አንዱንም መሥመር እንዳትዘልዪ። ጋሼ «ሰው አይታመንም» ያለው በኔ ምክንያት ከሆነ፣ ያልታመነው ወንድምሽ እንጂ ሰውየው አለመሆኑን ይወቅ። ያንን ውሸት ለሰሙት ጎረቤቶችም ንገሪያቸው። ርግማንሽንም አንሺለት፤ የዚያ ሰው እጅ መጉደል የለበትም። መልስ ስትጽፊልኝ ደግሞ «አይዞህ፣ ያለፈ አለፈ» እንዳትዪኝ። እንደ ልጅነቴ ተቆጪኝ። ያንን ቁጣሽን ፈልጌዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ሚሊን ላየው ሄጄ ነበር። አሁን አንድ የእንጨት መጋዘን በር ላይ ነው የሚሠራው፤ የሚገባ የሚወጣውን ጣውላ ይቆጥራል። እኩለ ቀን ነበር፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ምሳውን ሊበላ ነው። ሲያየኝ ተነሣ። ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋ እኔ ግራዬን ሰጠሁት፤ የታመመውን ማሳየት አሳፍሮኝ። «ቀኙን» አለኝ። ሰጠሁት። ያዘውና ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ የበር ማጠፊያ እንደሚፈትሽ ሰው፣ አጠፋቸው። የቀለበት ጣቴ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቀስ አድርጎ ሞከራት። እንቢ አለች።

«ይቺ ቀረች?» አለኝ።

«ቀረች» አልኩት።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ እኔም አፌን ሞልቼ ልጠይቀው አልቻልኩም። ምሳውን ከፍቶ ግማሹን ወደኔ ገፋልኝ። በልተን ስንጨርስ የጭነት መኪና መጣና ደብተሩን ይዞ ሊቆጥር ሄደ። ሌላ ጊዜም እሄዳለሁ። ና አላለኝም፣ አትምጣም አላለኝም።

ጋሼን ጉልበቱን ስመሽ ሰላም በይልኝ። ዓይኑን ይታይ፣ አይከራከር። ለትልቋ ልጅሽ፣ ፈተናውን ብታልፍም ብትወድቅም እኮራባታለሁ በያት፤ እውነቱን ትጻፍልኝ እንጂ አታሳምርልኝ። ለትንሹ፣ የመጀመሪያ ቃሉ «አጎቴ» ካልሆነ እንደምጣላው ንገሪው። አክስቴን ያቺን ለስላሳ ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ሳሏን ትታከም። ማዶ ያሉትን እነ ባለ ሱቋንም ሰላም በይልኝ። አንቺን ደግሞ፣ እታለም፣ ያሳደግሽኝን በዚህ መልክ ስላሳፈርኩሽ እጅሽን ይዤ ይቅርታ እለምንሻለሁ። ጤናው ይስጥሽ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከተከራየኋት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ኅዳር 14፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ